ለሸሕዲ አንድ ዓይን ይበቃል

ሰው ወደ ቆላ ሊወርድ ሲነሣ መካሪ አያጣም። አንዱ «አጎበር ያዝ» ይለዋል፤ ሌላው «ውኃህን በጀሪካን ሙላ» ይለዋል፤ ሦስተኛው «ከመሸ መንገድ እንዳትጀምር» ብሎ ያስምለዋል። ስለ መነጽር የሚመክር ግን እስካሁን አልገጠመኝም። ስለዚህ የዛሬውን ዓምድ ለሷ ሰጥቻታለሁ። ነገሬ ለፀሐይ ስለሚደረገው ጥቁር መነጽር እንዳይመስልዎ። ሩቁን አቅርባ ስለምታሳየው፣ በአንድ ዓይን ስለሚታይባትና ከኪስ ስለምትገባው ነው። ፈረንጆች ሞኖኩላር ይሏታል። ባለ ሁለት ዓይኑን ቢኖኩላር መሀል ለመሀል ከፍለው አንዱን ወገን ብቻ ቢወስዱ እሷን አገኙ ማለት ነው።

ሸሕዲ በሌላ ስሟ ገንዳ ውኃ ትባላለች፤ የምዕራብ ጎንደር ዞን መቀመጫ ነች። ከጎንደር በአዘዞ ወጥተው፣ ጭልጋን አይከል ላይ ተሰናብተው ቁልቁል ሲወርዱ ሙቀቱ በየኪሎ ሜትሩ ይጨምራል። ጎንደር ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ስትቀመጥ ሸሕዲ ከ800 ሜትር በታች ናት። ጠዋት ጎንደር ላይ ጋቢ የደረበ ሰው ሸሕዲ ሲደርስ የሸሚዙን ቁልፍ ይፈታል። መንገዱ ከዚያ ወደ ምዕራብ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዶ መተማ ዮሐንስ ላይ ያበቃል። ከድንበሩ ማዶ ገላባት ነው፤ ሱዳን። አፄ ዮሐንስ አራተኛ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ከድርቡሽ ጋር ሲዋጉ ቆስለው የሞቱት እዚሁ መተማ ላይ ነው፤ ከተማዋም ስማቸውን ይዛ ቀርታለች።

ምን ይታያል?

ደጋ ላይ አንዱን ተራራ ሲያዩ ሌላው ይጋረድብዎታል። ሸሕዲ ዙሪያ ግን ብዙው መሬት ዝርግ ነው። የሰሊጡ፣ የጥጡና የማሽላው እርሻ ዓይን እስከሚደርስበት ይሄዳል። በየመሀሉ ግራር፣ የዕጣን ዛፍና ሽመል ይታያል። ጥቅምት ላይ ሰሊጡ ታጭዶ፣ ነዶው ተደጋግፎ ቆሞ ሂላ ሆኖ ሲደርቅ ከሩቅ ላየው የሰፈረ ጦር ድንኳን ይመስላል።

ወፉማ አይወራም! ከአውሮፓ ብርድ ሸሽተው የሚወርዱ ሽመላዎች አሉ። ስትሄድ ውላ ከመሬት የማትነሣው ጥቁሯ እርኩም አለች። ሣር ሲቃጠል ከጭሱ ፊት ፊት እየበረሩ ከእሳት የሚሸሸውን አንበጣ የሚለቅሙት ቀያዮቹ ንብ በሊታ ወፎችም አሉ። ችግሩ ምንድን ነው? እርስዎ በእግርዎ 50 ሜትር ሲጠጉ እነሱ 100 ሜትር ይርቃሉ። መነጽር የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

«ታዲያ ለምን ቢኖኩላር አልይዝም?» የሚል አንባቢ ይኖራል። ጥያቄው ልክ ነው። በሁለት ዓይን ማየት ለረጅም ሰዓት አያደክምም፤ ቀኑን ሙሉ ወፍ ሲቆጥር የሚውል ባለሙያ ቢኖኩላር ይያዝ። መንገደኛ ግን እንደሱ አይደለም። አንድ ጊዜ አየት ያደርጋል፣ ወደ ኪሱ ይመልሳል፣ ይሄዳል። ደህና ሞኖኩላር ከ200 ግራም በታች ትመዝናለች፤ በአንድ እጅ ትያዛለች፤ ሌላው እጅ ለዱላ ወይም ለልጅ ይተርፋል። ሌላም ጥቅም አላት፤ እሱን ወደ ኋላ አመጣዋለሁ።

ቁጥሩ አያታልልዎ

እያንዳንዷ ሞኖኩላር ሁለት ቁጥር ተጽፎባታል። 8 በ25፣ 10 በ25፣ 8 በ42 እየተባለ ይነበባል። የመጀመሪያው ስንት ጊዜ እንደምታቀርብ ይናገራል። 8 ከሆነ 400 ሜትር ላይ የቆመ ግመል 50 ሜትር ላይ የቆመ ያህል ሆኖ ይታይዎታል። ሁለተኛው የፊተኛው መስተዋት ወርድ በሚሊ ሜትር ነው፤ ብርሃኑ የሚገባው በዚያ በኩል ነው።

ሰው ሁሉ ሱቅ ሲገባ ዓይኑ የሚሄደው ወደ ትልቁ ቁጥር ነው። ነጋዴውም ይህን አሳምሮ ያውቃል። አንድ ሱቅ ውስጥ አንድ ልጅ እግር ሻጭ አንዲቷን አንሥቶ፣

«ጋሼ፣ ይቺ 40 በ60 ናት። ጨረቃን ቤትዎ ድረስ ታመጣልዎታለች» አለኝ።

«ማስመሪያ አለህ?» አልኩት። አወጣልኝ። 60 ከሆነች የፊቷ መስተዋት 6 ሳንቲ ሜትር መስፋት ነበረበት፤ ያ ደግሞ ከሸሚዝ ኪስ አይገባም። ስንለካው 4 ሳንቲ ሜትር እንኳ አልሞላም። ልጁ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ፤ መነጽሯም ወደ መደርደሪያዋ ተመለሰች።

የመጀመሪያውን ቁጥር መመርመሪያም አለ። መነጽሯን ወደ ብሩህ ሰማይ አዙረው ከዓይንዎ አንድ ክንድ ያርቋት። ከኋላው መስተዋት መሀል አንዲት ብሩህ ክብ ነጥብ ትታያለች። የፊቱ መስተዋት ወርድ ለማጉያው ቁጥር ሲካፈል የዚያችን ነጥብ ወርድ ይሰጣል። 8 በ25 ላይ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ትሆናለች። 40 በ60 እውነተኛ ቢሆን ኖሮ 1 ሚሊ ሜትር ተኩል ብቻ ትሆን ነበር፤ በዚያች ቀዳዳ የሚገባው ብርሃን ምን ያህል እንደሆነ እርስዎ ይፍረዱ። ነጥቧ ከዚያ ሰፍታ ከታየች ደግሞ 40 የተባለው ውሸት ነው።

ለሸሕዲ ከ8 በላይ አያስፈልግዎትም የምለው ግን ስለ አጭበርባሪ ብቻ ብዬ አይደለም። አንደኛ፣ መነጽር ሩቁን ሲያቀርብ የእጅን መንቀጥቀጥም አብሮ ያጎላል። ከ10 በላይ ሲሆን ያለ ማስደገፊያ ወፏ ሳትሆን የራስዎ የልብ ምት ነው የሚታይዎት። ሁለተኛ፣ የቆላው ሐሩር አለ። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ የሚያልፍበት ቀን አለ። ቀትር ላይ ከመሬት የሚነሣው ትኩስ አየር እንደሚፈላ ውኃ ይንቀጠቀጣል። የትኛውም መነጽር፣ ውዱም ቢሆን፣ ያንን መንቀጥቀጥ አጉልቶ ያሳያል እንጂ አያጠፋውም። ቁጥሩ በጨመረ መጠን የሚያዩት ነገር እየቀለጠ ይሄዳል።

ስለዚህ ሸሕዲ ላይ መነጽር የሚወጣው ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት፣ ከዚያም ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል እስከ 12 ሰዓት ነው። በመሀሉ ጥላ ፈልገው ቡና ይጠጡ።

በጠዋትና በማታ ብርሃን ስለሚያንስ ሁለተኛው ቁጥር ዋጋ የሚያገኘው ያን ጊዜ ነው። 8 በ25 ለቀኑ በቂ ነው። ጀምበር ካዘቀዘቀች በኋላም ማየት የሚፈልግ 8 በ36 ወይም 8 በ42 ቢይዝ ይጠቀማል፤ ግን ከኪስ ወደ ቦርሳ መሸጋገሩን ይወቅ። ዕድሜያቸው ገፋ ያለ አንባቢያን ደግሞ ልብ ይበሉ፤ የዓይናችን ብሌን ከዕድሜ ጋር በጨለማ የመስፋት አቅሙ ይቀንሳል። ወጣቱ የሚጠቀምበትን የትልቅ መስተዋት ብርሃን አዛውንቱ ዓይን ሙሉውን አይቀበለውም። ለማይገባ ብርሃን ገንዘብ አያውጡ።

ውኃ የማያስገባ መነጽር በበጋም ይጠቅማል

ብዙ ሰው «ውኃ የማያስገባ» የሚለውን ሲሰማ ዝናብና ወንዝ ብቻ ይታየዋል። እውነት ነው፣ ከሰኔ እስከ መስከረም ሸሕዲ ላይ የሚወርደው ዝናብ ቀላል አይደለም። እኔ ግን የምለው በበጋም ይበልጥ ይጠቅማል ነው። ምክንያቱም ውኃ የማያስገባ ዕቃ አቧራም አያስገባም፤ ደግሞም ይታጠባል።

የቆላ አቧራ እንደ ዱቄት የደቀቀ ነው፤ በየስንጥቁ ይገባል። ብዙ ሰው መስተዋቱ ሲቆሽሽ በነጠላው ጫፍ ወይም በሸሚዙ ጠረግ ጠረግ ያደርገዋል። ይህ መነጽርን በአሸዋ ወረቀት እንደ መፈግፈግ ነው። ውኃ የማታስገባውን ግን ክዳኗን ከፍተው ከጀሪካን ንጹሕ ውኃ ያፈሱባታል፤ አቧራው ታጥቦ ከሄደ በኋላ በንጹሕ ለስላሳ ጨርቅ ያደርቋታል። አለቀ።

ሌላው ነገር ትንፋሽ ነው። በደንብ ያልታሸገ መነጽር ይተነፍሳል። ጎንደር ላይ ቀዝቃዛ አየር ይዞ ቆላ ወርዶ ይሞቃል፤ ሌሊት ሲበርድ ደግሞ እርጥበት ያለውን አየር ወደ ውስጥ ይስባል። ያ እርጥበት ውስጥ ለውስጥ መስተዋቱ ላይ ይተኛል። ከቆየ ሻጋታ ያበቅላል። አንድ የሰሊጥ ባለ እርሻ ትራክተሩ ላይ አንጠልጥሎ የሚዞረውን አሮጌ ቢኖኩላር እንካ እይበት ብሎ ሰጠኝ። አየሁ፤ የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ብቻ።

«አያ፣ ይሄ ነገር የዓይን ሞራ ይዞታልሳ?» አልኩት።

«ምን ያድርግ፣ ሦስት ክረምት አብሮኝ ከርሞ!» አለ።

ደህናዎቹ ሞኖኩላሮች ውስጣቸው ናይትሮጂን ወይም አርጎን በተባለ ደረቅ ጋዝ ተሞልቶ በጎማ ቀለበት ይታሸጋሉ። እርጥበት ስለሌለ ውስጣቸው አይደክምም፤ ሻጋታም አያበቅልም። ከውጭ በኩል ግን ከቀዝቃዛ ክፍል ወደ ሙቀት ሲወጡ ማንኛውም መስተዋት ጭጋግ ይለብሳል፤ ጥቂት ደቂቃ ቢታገሡት ራሱ ይለቃል።

ሲገዙ የቃሉን ልዩነት ይጠይቁ። «ውኃ ይቋቋማል» ማለት ካፊያ አይጎዳውም ማለት ብቻ ሊሆን ይችላል። ማሸጊያው ላይ አይ ፒ ኤክስ 7 የሚል ምልክት ካለ አንድ ሜትር ጥልቀት ባለው ውኃ ውስጥ 30 ደቂቃ ብትቆይ አይገባባትም ማለት ነው። አይ ፒ ኤክስ 4 ከሆነ ፍንጣቂ ብቻ ነው የምትችለው። ምንም ምልክት ሳይኖር በአፍ ብቻ «ውኃ አያስገባም» ከተባሉ አይመኑ።

ወዴት ነው የሚያዩት?

እዚህ ላይ ወደ ዋናው ነገር ደርሰናል። ሸሕዲ ጠረፍ ናት። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ሱዳን ውስጥ ጦርነት ከተነሣ ወዲህ በመተማ በኩል ብዙ ሕዝብ ሸሽቶ ገብቷል። በዚያው ዓመት ሐምሌ መጨረሻ ላይ ደግሞ በራሱ በአማራ ክልል ግጭት ተቀስቅሶ ብዙ መንገድ አስቸጋሪ ሆኗል። እንዲህ ባለ አገር ዓይኑ ላይ መነጽር የደገነ እንግዳ ሰው ምን እንደሚመስል ያስቡት።

ከመንገድ ዳር ሻይ የምታፈላ አንዲት ሴት ናት ይህን በቅጡ ያስረዳችኝ። ሞኖኩላሬን አውጥቼ ወንዙ ዳር ያለው ዛፍ ላይ ያረፈ ወፍ እያየሁ ነበር። ጀበናዋን እያስቀመጠች፣

«ወንድሜ፣ እሱን ነገር ወደዚያ አታዙረው» አለችኝ፤ በአገጯ ወደ መንገዱ እያመለከተች። መንገዱ ላይ ኬላ አለ።

«ወፍ ነው እኮ የማየው።»

«አንተማ ታውቃለህ። የሚያይህ ሰው ግን በምን ያውቃል?»

መልስ የለኝም። ከዚያ ሞኖኩላሯን ሰጠኋትና «እስቲ እይ» አልኳት። አንዱን ዓይኗን ጨፍና ወንዙ ማዶ አየች። ትንሽ ቆይታ ከት ብላ ሳቀች። የራሷን ፍየል ነው ያየችው፤ ከሰው ማሽላ ውስጥ ገብታለች። ልጇን ጮኻ ላከችው። ከዚያ በኋላ መነጽሯ ከእጅ ወደ እጅ ዞረች፤ ሹፌሩ አየ፣ ሽማግሌው አየ፣ ልጆቹ ተሰልፈው አዩ። «ሰውዬው ምንድን ነው?» የሚለው ጥያቄም ሳይነሣ ቀረ።

ቀደም ብዬ ወደ ኋላ አመጣዋለሁ ያልኩት ጥቅም ይህ ነው። ቢኖኩላር ለእያንዳንዱ ሰው የዓይኑን ርቀት ማስተካከል ይፈልጋል፤ ሞኖኩላር ግን እንደ ስኒ ትቀባበላለች። እንግዳ አገር ሲገቡ መጀመሪያ ለአገሬው ያሳዩ፤ ከዚያ እርስዎ ይዩ።

ከዚህ ሌላ የማልደራደርባቸው ጥቂት ደንቦች አሉኝ። ወደ ኬላ፣ ወደ ካምፕ፣ ወደ ድልድይና መሣሪያ ወደ ያዘ ሰው መነጽር አላዞርም። ስደተኛ ካረፈበት ሰፈር አቅጣጫም አላወጣትም፤ ቤቱን ጥሎ የመጣ ሰው ትርኢት አይደለም። ወንዝ ዳር ደግሞ ገላውን የሚታጠብ ሰው አለ፤ በባዶ ዓይን ቢሆን ኖሮ ፊትዎን የሚያዞሩበትን ነገር በመነጽርም አይዩት። ኬላ ላይ ሲፈተሹ «ምንድን ነው?» ከተባሉ ሳይደብቁ ያውጡና ያሳዩ። ከጉዞው በፊት ስለ መንገዱ ደኅንነት አገሩን ከሚያውቅ ሰውና ከአካባቢው አስተዳደር ይጠይቁ፤ «አይሆንም» ከተባሉ ይቅሩ። ወፏ የትም አትሄድም። ከውጭ አገር ይዘው የሚገቡም ቢኖኩላርና መሰሎቹ ያለ ፈቃድ ጉምሩክ ላይ ሊያዙባቸው እንደሚችል አውቀው አስቀድመው ይጠይቁ።

የፀሐይም ነገር አለ። በመነጽር ፀሐይን ማየት ዓይንን ለዘለዓለም ሊያጠፋ ይችላል፤ ስትጠልቅም ቢሆን አይሞከርም። ማታ ላይ ፀሐይ የምትገባው በሱዳን በኩል ነው። ስለዚህ ማታ ጀርባዎን ለድንበሩ ሰጥተው ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ጭልጋ ተራሮች ይዙሩ። ብርሃኑ ከኋላዎ ስለሚመጣ የሚያዩት ነገር ሁሉ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ማንንም አያስጠረጥርም። እይታም ሰላምም በአንድ አቅጣጫ ተገኙ ማለት ነው።

ስለ አንበሳው

ወደዚህ አገር የሚወርድ ሁሉ አንበሳ አያለሁ ብሎ ይመኛል። ከሸሕዲ ወደ ደቡብ፣ ቋራ ውስጥ፣ በ1998 ዓ.ም. የተቋቋመው የአላጣሽ ብሔራዊ ፓርክ አለ፤ 2,666 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከሱዳኑ ዲንደር ፓርክ ጋር ይዋሰናል። በ2008 ዓ.ም. የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ሃንስ ባወር ያሉበት ቡድን አላጣሽ ውስጥ አንበሳ መኖሩን ለዓለም አረጋገጠ። በሁለቱ ፓርኮች በጠቅላላው ከ100 እስከ 200 አንበሳ ሊኖር ይችላል ተብሎ ተገመተ። ታዲያ ቡድኑ በምን አገኘው? በዱካውና ማንም ሳይነካው በራሱ ፎቶ በሚያነሣ ካሜራ ነው። ስለዚህ ሞኖኩላር ይዘው አንበሳ ካላየሁ ብለው አይዘኑ። ክረምት ላይ ደግሞ ዋልካው ጭቃ መኪና አያሳልፍም፤ አይሞክሩት።

አመሻሽ ላይ ሌላም ጥንቃቄ አለ። መተማና አካባቢው የካላዛር አገር ነው። በሽታውን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ቀን በተሰነጠቀው ጥቁር አፈር ውስጥ ተደብቃ ውላ ሲመሽ ትወጣለች፤ የግራር ጥላ ሥርም ትወዳለች። ወባም አለ። ወፍ ለማየት ብለው በምሽት ከግራር ሥር አይቀመጡ፤ እጅጌዎን ያውርዱ፤ ሌሊት አጎበር ውስጥ ይተኙ። መካሪዎ ስለ አጎበር የነገረዎት ነገር ትክክል ነው።

ከሱቅ ሳይወጡ

አንደኛ፣ ያቺን ብሩህ ነጥብ ይዩ። ሙሉ ክብ ትሁን፤ ጠርዟ የተቆረጠ ወይም የጠቆረ ከሆነ ይተዉ። ሁለተኛ፣ ከሱቁ በር ቆመው የመብራት ሽቦ በነጭ ሰማይ ላይ ይመልከቱ። ሽቦው ዳርና ዳሩ ሐምራዊ ወይም አረንጓዴ ጥለት ካወጣ መስተዋቱ ደካማ ነው። ሦስተኛ፣ የሩቅ ታፔላ ያንብቡ፤ መሀሉ ብቻ ሳይሆን ዳሩም ይነበብ። አራተኛ፣ ማስተካከያውን ያዙሩ፤ እንደ ቅቤ ይሂድ፤ የሚያንገጫግጭ ከሆነ ነገ አቧራ ይገባዋል። አምስተኛ፣ ጆሮዎ ላይ አድርገው ቀስ ብለው ይወዝውዙ፤ ውስጡ የሚንቀሳቀስ ነገር ካለ አይግዙ። የማንበቢያ መነጽር ያደረጉ ከሆነ ሳያወልቁ ይሞክሩ፤ የኋላው ጎማ መታጠፍ አለበት፤ ሙሉውን ክብ ካላዩ ለእርስዎ አይሆንም። እንደ ቴሌቪዥን ርቀቱን ወደፊት ወደኋላ እለውጣለሁ የምትለውን ርካሽ ዕቃም ይለፏት፤ ሁሉንም እሠራለሁ ብላ አንዱንም አታጠራም።

ሸሕዲ ሲደርሱ አውራ ጣትዎን ግንባርዎ ላይ፣ ክንድዎን ደረትዎ ላይ ያስደግፉ። እጅዎ አሁንም ከተንቀጠቀጠ ዱላዎን መሬት ላይ ተክለው መነጽሯን በእጅዎ ከጫፉ ላይ ያሳርፏት፤ ፈረንጅ በብዙ ብር ከሚገዛው ማስደገፊያ አያንስም። ጥሩው ጊዜ ዝናቡ አቁሞ አየሩ የሚጠራበት፣ ሰሊጡም የሚታጨድበት ጥቅምትና ኅዳር ነው። አንገት ማንጠልጠያዋን አይርሱ፤ ለልጆች ሲሰጡ መጀመሪያ አንገታቸው ላይ ያጥልቁላቸው።

መልካም ጉዞ።